እኔ የልቤን ምት እሰማለሁ፣ እናቴ ግን የስኳሯን መውረድ አትሰማም፤ ይህ እንዴት ይሆናል?

ዘሳሙና በር (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ። በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሕክምና አልተማርሁም። የማቀርበው ጉዳይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ቢመስልም ለእኔ አንድ ስለ ሆነብኝ በአንድነት እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው የጾም ነገር ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ፣ በሰሌዳው ላይ የምጽፈው እስኪጠፋኝ ድረስ ረሃቡ ሆዴን ይሞረሙረዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ሆዴ ከአራት ሰዓቱ ይልቅ ባዶ ሆኖ ሳለ ረሃቡ ጥሎኝ ይሄዳል። ባዶነቱ ጨምሮ ረሃቡ የቀነሰው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው የልቤ ነገር ነው። ሌሊት በግራ ጎኔ ስተኛ የልቤ ምት ከትራሱ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ድው ድው ሲል ይሰማኛል። ባለፈው ዓመት ፈርቼ ተመረመርሁ፤ ኢሲጂም (የልብ ምት በመሣሪያ የሚመዘገብበት ምርመራ) ተነሥቼ ልብህ ጤነኛ ነው ተባልሁ። ቀን ከፒያሳ ወደ ቤቴ ዳገቱን ስወጣ ልቤ ከሌሊቱ ይልቅ እንደሚመታ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አልለውም።

ሦስተኛውና ዋናው የእናቴ ነገር ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ሲሆን ከስኳር ሕመም ጋር 19 ዓመት ኖራለች፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ቀድሞ ስኳሯ ሲወርድ ከማናችንም በፊት የምታውቀው እርሷ ነበረች፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ እጄም ይንቀጠቀጣል፣ እስቲ ስኳር በጥብጡልኝ» ትለን ነበር። ባለፈው ወር በአንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና እየቀዳች ሳለ ሁለተኛውን ሲኒ አልፋ ቡናውን በምንጣፉ ላይ አፈሰሰችው፤ ስንጠራትም የማይገናኝ ነገር ትመልሳለች። በመለኪያው ብናየው 48 ሆኖ ተገኘ። ማር በጥብጠን ሰጠናት፣ ጥቂት ቆይታ ወደ ራሷ ተመለሰች። ምን ተሰምቷት እንደ ነበር ስንጠይቃት ግን «ምንም አልተሰማኝም፣ ምን ሆኜ ነበር?» አለችን።

እንግዲህ ሰው የገዛ አካሉን ውስጥ የሚሰማው በምንድን ነው? ጤነኛው እኔ የማያስፈልገኝን እየሰማሁ እናቴ የሚያስፈልጋትን የማትሰማውስ ለምን ይሆን? ጆሮ ከዕድሜ ብዛት እንደሚከብድ ይህም የውስጥ ጆሮ ይከብዳል ማለት ነውን?

ነርስ ከማራኪ

ወንድሜ፣ ከሦስቱ የሚያስቸኩለው የእናትዎ ነገር ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር። የስኳር ሕሙማንን በምንከታተልበት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የነገሩን ነገር በየጊዜው የምናየው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፤ እናትዎ ቀድሞ ይሰማቸው የነበረው የስኳሩ መውረድ አልነበረም። በደም ውስጥ ያለ ስኳር ሲያንስ ራሱ የሚያሰማው ድምፅ የለውም። ልኩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እየሆነ ሲሄድ አካል ይደነግጥና አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ይረጫል፤ እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ ልብ የሚያስመታው፣ ሆድን ባር ባር የሚያሰኘው እርሱ ነው። ላቡም የሚመጣው ከዚሁ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ እናትዎ ይሰሙት የነበረው ደወሉን ነው። ስኳር መውረድ በተደጋገመ ቁጥር ግን አካል ይለምደዋል፤ ደወሉ በ65 ይደወል የነበረው ወደ 55፣ ከዚያም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ ስኳር የተራበው አንጎል ራሱ ሥራው ይታወካል፤ ደወሉን ሰምቶ መፍረድ የነበረበት አካል አስቀድሞ ደነዘዘ ማለት ነው። ቡናው በምንጣፉ ላይ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ እናትዎ ልብ ሳይሉ ቀርተው አይደለም።

ሌሎች ምክንያቶችም ሊደረቡ ይችላሉ። የስኳር ሕመም ብዙ ዓመት ሲቆይ ልብን፣ ጨጓራንና ላብ አመንጪ ዕጢዎችን የሚያገለግሉትን ነርቮች ይጎዳል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍኑታል፤ ላቡን ግን አይሸፍኑትም። እናትዎ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ እንደ ሆነ ያለ ምክንያት የመጣ ላብን እንደ ምልክት ይያዙት።

የሚያጽናናው ነገር ደወሉ ብዙውን ጊዜ ለዘለቄታው የጠፋ አለመሆኑ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ ጨርሶ እንዳይወርድ ከተጠበቀ ስሜቱ በከፊልም ቢሆን ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ግን የኢንሱሊኑን መጠን ሐኪማቸው ሲያስተካክለው እንጂ እናንተ በቤት ስትቀንሱት አይደለም። እስከዚያው ድረስ በስሜት አትመኑ፤ በመለኪያው እመኑ። ከ70 በታች ሆኖ ካገኛችሁት 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሳቸውን ስተው መዋጥ ያቃታቸው እንደ ሆነ ግን ማርም ሆነ ስኳር በአፋቸው አታድርጉ፤ ወደ ጤና ተቋም አድርሷቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በዚያ እሑድ ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወስደው፣ ለቅዳሴ ሲሉ ሳይቀምሱ ሄደው ነበርን? እናቶቻችን ይህን ከሐኪምም ከልጅም ይደብቁታል። እኔ አንዷን እናት በስንት ልመና ካናገርኋቸው በኋላ «ልጄ፣ እግዜር ያውቃል ብዬ ነው» አሉኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኔና ከእርስዎ ቃል ይልቅ ይሰማል።

የፊዚዮሎጂ አስተማሪ

እኅታችን ዋናውን ነገር በሚገባ ስላብራሩት እኔ ወደ ረሃቡና ወደ ልቡ ልሂድ።

እንግሊዛዊው የነርቭ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን በ1906 እ.ኤ.አ. የስሜት ሕዋሳትን ሲከፋፍል ከውጭው ዓለም የሚመጣውን ለብቻ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን ለብቻ፣ ከሆድ ዕቃ የሚመጣውንም ለብቻ አድርጎ ነበር። ዛሬ ኢንተሮሴፕሽን የሚባለው፣ ሰው የገዛ አካሉን ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ የሚመረምረው ጥናት የሦስተኛው ክፍል ልጅ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ሳስተምር የአማርኛ ስም ሳጣለት ብዙ ጊዜ እቸገራለሁ፤ ሆኖም ቋንቋችን ማስተዋልን «ልብ ማለት» ብሎ መጥራቱ፣ አሁን እርስዎም ሳያስቡት በጥያቄዎ ውስጥ ስለ ልብዎ ሲጽፉ «ልብ አልለውም» ማለትዎ፣ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ መንገድ ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ተማሪዎቼ ይህ ነርቭ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ታች የሚያደርስ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከውስጡ ካሉት ክሮች 80 በመቶ ያህሉ ወሬ ይዘው ወደ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ሌላው ወሬ በአከርካሪው በኩል ይወጣል። ሁሉም በመጨረሻ ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ኢንሱላ ይባላል፤ በአንጎል ጎን ከጆሮ በላይ፣ በእጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ክፍል ነው።

ስለ ረሃቡ አንድ አሮጌ ሙከራ አለ። በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ዋሽበርን ከተባለው ተማሪው ጋር ሆኖ ረሃብን ሊመረምር ፈለገ፤ ተማሪው በቀጭን ቱቦ ጫፍ የታሰረ ፊኛ ዋጠና ፊኛው በጨጓራው ውስጥ ተነፍቶ የጨጓራው መኮማተር ተመዘገበ። ረሃቡ ሞረሞረኝ ባለ ጊዜ ሁሉ ጨጓራው እየተኮማተረ ተገኘ። ስለዚህ ረሃብ ማለት የባዶ ጨጓራ መኮማተር ነው ተባለ። በኋላ ግን ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች እንደሚራቡ ታየ፤ ነገሩም እንደ ታሰበው ቀላል አልሆነም። በ1999 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን፣ ከጨጓራ እየወጣ በደም ወደ አንጎል የሚሄድ ሆርሞን አገኙ። የዚህ ሆርሞን ጠባይ ለጥያቄዎ መልስ ይሰጣል፤ ሰው መብላት የለመደባቸው ሰዓቶች ሲቃረቡ ይጨምራል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ደግሞ ምንም ሳይበሉ ራሱ ይቀንሳል። የአራት ሰዓቱ ረሃብዎ የሆድዎን ባዶነት የሚለካ ሳይሆን የልማድዎን ሰዓት የሚጠብቅ ይመስለኛል። ጾም ባልሆነበት ጊዜ በዚያ የዕረፍት ሰዓት የሚቀምሱት ነገር ይኖር ይሆን?

ጥምም እንዲሁ ነው። በጥምቀት ዕለት በፀሐይ ቆመን ውለን ውኃ ስንጠጣ ጥማችን ወዲያው ይቆርጣል፤ ውኃው ግን ገና ሆዳችን ውስጥ ነው፣ ወደ ደም ገብቶ የደሙን ጨው ለማቅጠን ከዚያ በኋላ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል። አንጎል ከአፍ፣ ከጉሮሮና ከሆድ የመጣለትን ወሬ ሰምቶ ውኃው መምጣቱ አይቀርም ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል። እንግዲህ የውስጥ ስሜት ማለት አንጎል የሚጠብቀውና ከታች የሚመጣለት ወሬ ሲገናኙ የሚወለድ ፍርድ ነው ብል ስሕተት አይሆንብኝም። ዳገት ሲወጡ ልብዎ እንደሚመታ አንጎልዎ ስለሚያውቅ፣ ዐይንዎና ጆሮዎም በመንገዱ ስለ ተያዙ፣ ምቱን አያነሣብዎትም። ሌሊት ግን ሌላ ወሬ የለም፤ በግራ ጎን ሲተኙ ደግሞ የልብ ጫፍ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፣ በትራሱ ላይ የተጫነው ጆሮም የራሱን የደም ሥር ምት ይሰማል።

ሰዎች በዚህ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማወቅ ጀርመናዊው ራይነር ሻንድሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ፈተና አለ። ሰውየው ተቀምጦ የእጁን አንጓም ሆነ አንገቱን ሳይነካ የልቡን ምት በውስጡ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ መሣሪያው ከመዘገበው ጋር ይነጻጸራል። ብዙ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በብዙ ይሳሳታል፤ ደኅና እሰማለሁ ብሎ የሚተማመነውም ሁልጊዜ በትክክል የሚቆጥረው አይደለም። ፈተናው እንከን እንዳለበት ግን አልሸሽግዎትም፤ የሰው ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በትምህርት የሚያውቅ ሰው ምንም ሳይሰማ ገምቶ ሊያልፈው ይችላል። በቤትዎ ይሞክሩት።

የስሜኑ መንገድ መሪ (ደባርቅ)

ስለ ሆድና ስለ ልብ ተጻፈ፤ ስለ ትንፋሽ አንድ ነገር ልጨምር። እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች ይዤ እወጣለሁ። ጨነቅ የሚባለው የማደሪያ ቦታችን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። በሥልጠና ጊዜ የተማርነውና በኋላም በዐይኔ ያየሁት ነገር፣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ታፈንሁ የሚያሰኘው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት መሆኑ ነው። ትንፋሽዎን ይዘው ቢቆዩ «አሁንስ ልተንፍስ» የሚያሰኝዎት እርሱ ነው። በተራራ ላይ ግን ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየወጣ ይሄዳል፤ ኦክስጅን አንሶት ሳለ መታፈን ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ «ደኅና ነህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ደኅና ነኝ እያለኝ የጫማውን ክር ማሰር ያቃተው፣ በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ሰካራም የሚወላገድ እንግዳ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ወዲያው ወደ ታች አወረድሁት። የእናትዎን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ እርሱ ነው።

የአገራችን ደገኛ ደግሞ ሌላ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቤል ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ በስሜን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአምባራስ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢንም (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ሆነ የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ በቅሎ ነጂዎች በእንግዶቹ ማለክለክ የሚሥቁት ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው።

እኅተ አራዳ

እኔ በተቃራኒው ወገን የቆምሁ ሰው ነኝ፤ መስማት በዝቶብኝ ታምሜ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ልቤ ድንገት ዘለለ። እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ልቤን ይበልጥ አስመታው፣ የባሰውን ምት ሰምቼ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጄ በአንገቴ ላይ ሆኖ ምት መቁጠር ሆነ ሥራዬ፤ ቡና ተውሁ፣ ደረጃ መውጣት ተውሁ። ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ልቤ ደኅና ነው ተባልሁ፤ አላመንሁም።

በመጨረሻ ያከመችኝ ባለሙያ ያደረገችው ነገር በጊዜው እንደ ጭካኔ ታይቶኝ ነበር። በፊቷ አንድ ደቂቃ በቦታዬ ቆሜ እንድሮጥ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንድተነፍስ አደረገችኝ፤ የምፈራውን የልብ ምትና ማዞር ሆን ብዬ አስነሥቼ እስኪበርድ ድረስ እንድጠብቀው ማለት ነው። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ ትርጕሙ ነው የተለወጠው። ስለዚህ መምህር ሆይ፣ ኢሲጂው ደኅና ካለዎ በሌሊት ድው ድው ሲል አይቍጠሩት፤ የቆጠሩት ነገር ይበዛል።

ነርስ ከማራኪ

እኅቴ ያሉት እውነት ነው፤ ለተመረመረ ሰው። አንባቢ ግን ሁሉንም ስሜት ችላ እንዲለው አልፈልግም። በእኛ ከተማ ሰው ከደረቱ በታች ያመመውን ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ከልብ የሚመጡት የሕመም ነርቮች ወደ አከርካሪው የሚገቡት ከክንድና ከደረት ቆዳ ከሚመጡት ጋር በአንድ በር በመሆኑ፣ አንጎል ሕመሙን በግራ ክንድ፣ በመንጋጋ ወይም በጨጓራ በኩል ያለ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ያለ ምንም የደረት ሕመም፣ በድካምና በላብ ብቻ፣ የልብ ሕመም ሊመታው ይችላል። አዲስ የሆነ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚብስ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ ነገር ሁሉ መታየት አለበት።

ዘሳሙና በር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እንደ ጠረጠሩት ሆኖ ተገኝቷል፤ እናቴ በዚያ እሑድ ንጋት ኢንሱሊኗን ወስዳ፣ አንዳች ሳትቀምስ አስቀድሳ ነበር የመጣችው። መጀመሪያ ካደች፣ በኋላ «ዘወትር እሑድ እንዲሁ ነኝ» አለች። የንስሐ አባቷን እኔው ሄጄ አናገርኋቸው፤ ትናንት ወደ ቤት መጥተው ከእርሷ ጋር ብቻቸውን ተነጋገሩ። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቁርሷን በላች። የሐኪም ቀጠሮዋም ለሐሙስ ተይዟል። ለግፊቷ የምትወስደውንም መድኃኒት ካርቶኑን አየሁት፤ አቴኖሎል ይላል።

አስተማሪው ስለ ዕረፍት ሰዓት ለጠየቁኝ፣ አዎን፣ ጾም ካልሆነ በአራት ሰዓት ሻይ በዳቦ ሳልወስድ የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ሳስበው ደግሞ ቅዳሜ በቤቴ ስውል የአራት ሰዓቱ ረሃብ እንዲህ አይጠናብኝም።

ፈተናውንም ማታ ከእራት በኋላ ሞከርነው። ታናሽ ወንድሜ የእጄን አንጓ ይዞ ቆጠረ፣ እኔ ዐይኔን ጨፍኜ በውስጤ ቆጠርሁ። በአንድ ደቂቃ እኔ 72 አልሁ፤ እርሱ 59 አለ። በሌሊት ልቤን እሰማለሁ የምለው ሰውዬ የቆጠርሁት፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ የማውቀውን 72 ሳይሆን አይቀርም። ስንሣሣቅ የሰማች እናቴ «እስቲ እኔንም» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዐይኗን ጨፍና ዝም አለች። የሰው ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ማንም አስተምሯት አያውቅም። 66 አለች፤ ወንድሜ የቆጠረው 68 ነበር። ሁለት ጊዜ ደገምነው፣ ከሦስት በላይ አልተሳሳተችም። የስኳሯን መውረድ የማትሰማው ሴት ልቧን እንዲህ የምትሰማው እንዴት ነው? አስተማሪው ተመልሰው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ እርሷም መልሱን እየጠበቀች ነው።